የማን ልጅ ይሰንጥቀው?

ጥር 2015 ነው። ዘንገና አጠገብ አንድ ግቢ ውስጥ ካሜራዬን አቁሜ እቀርጻለሁ። ከፊቴ የአባቴ የልጅነት ጓደኛ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቀርከሃ ይሰነጥቃሉ። ከጎኔ የ15 ዓመት ልጃቸው ማይኩን ይዞልኛል። ሁሉም ነገር ሰምሮልኛል፤ የጠዋት ብርሃን አለ፣ ከማድ ቤቱ ጭስ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ቢላው አንጓውን አልፎ ሲሄድ ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል። ደስታዬ ልክ አጣና ወደ ልጁ ዞሬ «አንተስ ትችላለህ?» አልሁት።

«አልችልም።»

«ለምን አትማርም? ይሄ እኮ ቅርሳችን ነው!»

ልጁ አልተቆጣም። የምር ግራ ገብቶት ነው የጠየቀኝ፤ «አንተ ለምን አልተማርህም?»

ማይኩ እሱ እጅ ላይ ስለነበር ጥያቄው ከአባቱ ሥራ ድምፅ ይልቅ ጎልቶ ተቀርጿል። ቪዲዮውን ሳስተካክል ቆርጬ አወጣሁት። ፋይሉ ግን እስከ ዛሬ ላፕቶፔ ላይ አለ፤ አንዳንዴ ከፍቼ እሰማዋለሁ። ይህ ጽሑፍ ለልጁ የምሰጠው መልስ ነው ብል ውሸቴን ነው። ጥያቄውን በደንብ ለመስማት የምሞክርበት ነው ብትሉት ይሻላል።

ዘንገናን ለማታውቁት፦ ከእንጅባራ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አስፋልት ትንሽ እንደሄዳችሁ፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ፣ ዛፍ የከበበው ክብ ሐይቅ አለ። ድሮ የእሳተ ገሞራ አፍ የነበረ ጉድጓድ ነው ውሃ የሞላው። ስፋቱ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥልቀቱ ግን 166 ሜትር ይደርሳል ይባላል። አገሩ ደጋ ነው፣ ብርድ ነው፣ የአዊ አገር ነው። ፈረስ፣ ገብስ፣ ድንች፣ ማር፣ ከዚያ ደግሞ ቀርከሃ። ቀርከሃው ጫካ ሄደው የሚፈልጉት ነገር አይደለም፤ ጓሮ ነው ያለው፣ ከአባት ለልጅ ይተላለፋል። አጥሩ ቀርከሃ፣ የንቡ ቀፎ ቀርከሃ፣ ጎተራው፣ ቅርጫቱ፣ አልጋው ቀርከሃ። እንጅባራ ላይ መንገድ ዳር ተደርድሮ የምታዩት ወንበርና መደርደሪያም ከዚያው ጓሮ የወጣ ነው።

እኔ የዚያ አገር ልጅ ነኝ። አባቴ ገበሬም ቀርከሃ ሠሪም ነበር። ደብተሬ የተገዛው በወንበር ነው፣ ጫማዬ በወንበር ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ስገባ የያዝሁት ብርድ ልብስ በአልጋ ነው (በሸጠው አልጋ ማለቴ ነው)። ሙያውን ግን አላስተማረኝም። ልጅ ሆኜ ቢላውን ሳነሣ ከእጄ ይወስደውና «ይሄን ተወው፣ ደብተርህን ያዝ» ይለኝ ነበር። ክፍል ውስጥ ደግሞ አንድ መምህር ነበሩን፣ የቤት ሥራ ያልሠራ ሲገኝ «እንግዲህ ቀርከሃህን ስትሰነጥቅ ትኖራለህ» ይሉ ነበር። ክፍሉ ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር። ማታ ቤት ገብቼ የምበላው ከዚያው ስንጥር እንደሆነ አእምሮዬ አያገናኘውም።

አንድ ነገር ልናዘዝ። «የእጅ ሥራ» የሚባል ክፍለ ጊዜ ነበረን። የእኔ ዘመን ልጆች ታስታውሱታላችሁ፤ ለማርክ ሲባል ግማሹ ክፍል ከገበያ የተገዛ መጥረጊያ፣ ግማሹ እናቱ የሰፋችውን ሰፌድ ይዞ ይመጣ ነበር። እኔ አባቴ የሠራውን ቅርጫት ይዤ ሄድሁና ከ10 አሥር ተሰጠኝ። አባቴ ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀ፤ «እኔም እንግዲህ ተማሪ ሆንሁ» አለ። በዚያች ቅርጫት ጉዳይ የተሳሳተ ነገር እንዳለ የገባኝ ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ፣ ማይክ በያዘ ልጅ ፊት ነው። ሙያውን ሳልማር ማርኩን ወስጃለሁ። ካሜራ ይዤ ስመጣም ያው ነበርሁ መሰለኝ።

ለምን ካሜራ እንደያዝሁ ልንገራችሁ። አራት ጓደኛሞች ነን፣ ሁላችንም ኮድ ጽፈን የምንበላ። ከሥራ ሰዓት ውጪ የአገራችንን የእጅ ሙያዎች በቪዲዮ የሚያስቀምጥ አፕ ልንሠራ ተነሣን። ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ እንቅረጽ፣ ወጣቱ ስልኩ ላይ ይማር፣ በቃ ቅርሱ ዳነ! ሐሳቡ ይህ ነበር። አንድ ሙያ በ12 ቪዲዮ ይጠቃለላል ብለን ዲዛይን አደረግን። 12ን ከየት እንዳመጣናት አትጠይቁኝ፣ ስክሪኑ ላይ ታምርበታለች።

ችግሩ የጀመረው የመጀመሪያው ቪዲዮ ላይ ነው፤ «ቀርከሃ አመራረጥ» የሚለው። ለሥራ የሚሆነው ቀርከሃ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ነው። ልጅ ከሆነ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጣጠቃል። ነገር ግን ቀርከሃ እንደ ባሕር ዛፍ ከዓመት ዓመት እየወፈረ አይሄድም። በክረምት ከመሬት ይወጣና በጥቂት ወራት ሙሉ ቁመቱን ይጨርሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚያደርገው መጠንከር ብቻ ነው። ስለዚህ የአንድ ዓመቱና የአራት ዓመቱ ጎን ለጎን ቆመው በመጠን አይለዩም። ሽማግሌው ግን በቢላው ጀርባ መታ ያደርጉና ያልፋሉ፣ መታ ያደርጉና ያልፋሉ፣ አንዱ ጋ ይቆማሉ።

«አያ፣ በምን አወቁት?»

«ያስታውቃል።»

ያስታውቃል። የዳታቤዛችን ሠንጠረዥ ውስጥ «የመለያ ዘዴ» የሚል ቦታ ነበረን። ምን ልጻፍበት? ደጋግሜ ስጨቀጭቃቸው የቅርፊቱን ቀለም፣ አንጓው ላይ የሚይዘውን ሽበት የመሰለ ነገር፣ ድምፁን ነገሩኝ። ግማሹን በአዊኛ ነው የነገሩኝ። አዊኛ እችላለሁ፣ የቤቱን። የቀርከሃውን አዊኛ ግን አላውቀውም፤ ልጃቸውን ተርጉምልኝ ስለው እሱም ትከሻውን ነቀነቀ። ለምን ያውቃል? አዊኛውን ትምህርት ቤት ተምሮታል፣ በአዊኛ ያነባል ይጽፋል፤ እነዚያ ቃላት ግን መጽሐፍ ውስጥ የሉም፣ ቢላው ያለበት ቦታ ነው ያሉት።

በማግሥቱ ራሴ ልሞክር አልሁ፤ የራሴን ቪዲዮ አሥር ጊዜ አይቼ። ቢላውን አናቱ ላይ አስገባሁ፣ ገፋሁ፣ ሁለት አንጓ ቀጥ ብሎ ሄደልኝና ስንጥቁ ወደ አንድ ጎን ሸሸ። አንዱ ስንጥር እየቀጠነ እየቀጠነ ሄዶ ሹል ሆኖ ተበጠሰ። ሽማግሌው ምንም አላብራሩም። ከኋላዬ መጡና እጄን ይዘው ወፍራሙን ጎን ጎበጥ አደረጉት፤ ስንጥቁ ወደ መሃል ተመለሰ። መካኒክስ ተምሬያለሁ፣ ለምን እንደተመለሰ ብትጠይቁኝ ወረቀት ላይ ላሳያችሁ እችላለሁ። መቼ ማጉበጥ እንዳለብኝ ግን አላውቅም፤ እሱን እጃቸው እጄ ላይ ሆኖ ነው ለአንዲት ሰከንድ የተሰማኝ። ከዚያ ጠፋ። ቪዲዮው ላይ ስታዩት አንድ ሽማግሌ የአንድ ጎረምሳ እጅ ሲይዙ ብቻ ነው የሚታየው።

ማይክል ፖላኒ የሚባል ሃንጋሪ የተወለደ ሰው ነበር፣ ከኬሚስትነት ወደ ፈላስፋነት የዞረ። በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተማት አንዲት ቀጭን መጽሐፍ የሚከራከረው፣ ሰው ከሚናገረው በላይ የሚያውቀው ይበልጣል ብሎ ነው። የእኛ ሙያ ሰዎች ይህን በሌላ በር እናውቀዋለን። ቢሮ ውስጥ አንድ ጨለማ ቀልድ አለን፤ አንድ ሲስተም እንዳየን «ይሄን የሚያውቁት ስንት ሰዎች አውቶቡስ ቢገጫቸው ነው የሚሞተው?» እንባባላለን። መልሱ «አንድ» ከሆነ ደንግጠን ያ ሰው የሚያውቀውን እንዲጽፍ እናደርገዋለን፤ ይጽፋል፣ ሰነዱ 40 ገጽ ይሆናል፣ ሰውየው ሥራ ይለቅቃል፣ ሲስተሙ በሁለተኛው ሳምንት ይወድቃል፣ 40ው ገጽ ውስጥ የሌለችው ነገር ናት የጣለችው። የሚያድነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው ከጎኑ ተቀምጦ ለወራት አብሮ መሥራት። አለቆች ይህን አይወዱም፣ የሁለት ሰው ደመወዝ ነውና።

እኔን ያቆመኝ እዚህ ጋ ነው። የቀርከሃው ሙያ ቪዲዮ ውስጥ ካልገባ፣ መጽሐፍ ውስጥ ካልገባ፣ ሊቀመጥ የሚችለው ሰው ውስጥ ብቻ ነው። ሰው ውስጥ እንዲገባ ደግሞ ዓመታት ይፈልጋል፤ ጠዋት የሚነሣ፣ እጁ በስንጥር የሚቆረጥ፣ ያንን ጊዜ ለሌላ ነገር የማያውል ሰው። ስለዚህ እኛ ከተሜዎቹ «ቅርሳችን ይጠበቅ» ስንል የምንጠይቀው የሰው ዕድሜ ነው። ሐረጉ ላይ ግን «ይጠበቅ» ነው የሚለው፣ ማን እንደሚጠብቅ አይናገርም። ልጁ የጠየቀኝ ያችን የጎደለች ባለቤት ነው።

ባለቤቷ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነበር። እጅ ሥራና ንቀት በዚህ አገር አብረው የኖሩ ናቸው። ብረት ሠሪው፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው በሙያቸው ተሰድበዋል፣ ቡዳ ተብለዋል፣ ጋብቻ ተከልክለዋል። ስድቡ አዋጅ እስኪያስፈልገው ደርሶ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ልብ በሉ፣ ንጉሥ ማዕረግ ሰጥቶ ሳይሆን «አትስደቡ» ብሎ ነው ያወጀው። የቀርከሃ ሠሪ ነገር እንደዚያ የከፋ አይደለም፤ ማንም ገበሬ ይሠራዋል። ያም ሆኖ የመምህራችን ቀልድ ከየት እንደመጣ ይገባችኋል። መቶ ዓመት ሙሉ ለሰነፍ ልጅ ማስፈራሪያ ያደረግነውን ሥራ አሁን በአንድ ጊዜ «ማንነታችን» ስንለው ልጁ ግራ ቢገባው ይፈረድበታል?

ደግሞ ተመልከቱ፣ ማክበር የምንችለውን ነገር። ዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት ከመዘገበልን ውስጥ መስቀል አለ (2006 ዓ.ም.)፣ ፍቼ ጨምበላላ አለ (2008)፣ ገዳ አለ (2009)፣ ጥምቀት አለ (2012)። ሁሉም ይገባቸዋል፣ ጥያቄ የለኝም። ግን በዓልና ሥርዓት ናቸው። እጅ የለበትም። ጥምቀት ላይ የምንለብሰውን ጥበብ የሸመነው ሰው ስም የትም የለም። የዩኔስኮ የ2003ቱ እ.ኤ.አ. ስምምነት ባህላዊ የእጅ ሙያን አንዱ ዘርፍ አድርጎ በግልጽ ጠቅሶታል፤ በሩ ክፍት ነው ማለቴ ነው። እኛ ግን ቀኑን እንጂ ሠሪውን ማሰብ አይመጣልንም።

ይህን ስል የራሴ አገር ትቃወመኛለች። ዘንገና በሄድሁ ጊዜ እንጅባራ በፈረስ ተጥለቅልቃ ነበር፤ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 በዓሉን ያከብራል። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው፣ አድዋ የዘመቱትን አባቶችና ፈረሶቻቸውን ለማሰብ። እዚያ ሜዳ ላይ ቆማችሁ ግላሱን፣ ኮርቻውን፣ ልጓሙን፣ የግንባሩን ጌጥ ብታዩ አንዱም «እንዳይጠፋ» ተብሎ የተሠራ አይደለም። ፈረሰኛው ጎረቤቱ ፊት ማፈር ስለማይፈልግ ያሠራዋል። ማኅበሩም ለዚያች አንድ ቀን ብቻ የሚኖር አይደለም፣ ሠርግ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ እርቅ አለ፤ ፈረሱ ተጭኖ ይወጣል። የሚያዝዝ ሰው አለ፣ ስለዚህ የሚሠራ ሰው አለ፣ ስለዚህ አጠገቡ ተቀምጦ የሚያይ ልጅ አለ። ማንም ስለ ቅርስ አልሰበከም።

በአንጻሩ የቀርከሃ አጥርን እዩት። የቀርከሃ አጥር ይበሰብሳል፤ በየጥቂት ዓመቱ ይፈርሳል፣ ይታደሳል። በታደሰ ቁጥር አባት ይሰነጥቃል፣ ልጅ ያቀብላል፣ በሚቀጥለው ልጅ ይሰነጥቃል። ትምህርት ቤቱ መበስበሱ ነበር። ከዚያ ቆርቆሮ መጣ። ቆርቆሮ አይበሰብስም፣ ስለዚህ ማንንም አያስተምርም። ጃፓኖች ይህ የገባቸው ይመስለኛል። ኢሴ የሚባል ቤተ መቅደስ አላቸው፣ ከእንጨት የተሠራ፤ በየ20 ዓመቱ ከጎኑ አዲስ ሠርተው አሮጌውን ያፈርሱታል። ይህን ከሺህ ዓመት በላይ አድርገውታል፣ የመጨረሻው በ2013 እ.ኤ.አ. ነበር። 20 ዓመት ማለት በመጀመሪያው እንጨት ያቀበለ ልጅ በሁለተኛው ዋና ሠሪ፣ በሦስተኛው አስተማሪ ሆኖ ይደርሳል ማለት ነው። እነሱ የጠበቁት እንጨቱን አይደለም። ግን ወጪው እጅግ ብዙ ነው፣ ይከፍሉታል። የእኛ ግቢ ውስጥ ያው ነገር በነፃ ይደረግ ነበር፣ በቆርቆሮ ለወጥነው። ቆርቆሮውን ደግሞ ማንንም አልወቅስበትም፣ እኔም ለእናቴ ቆርቆሮ ነው የገዛሁላት።

መሬቱም እንዲሁ ነው። በፋግታ ለኮማ በኩል ብትሄዱ ገበሬው ማሳውን ዲከረንስ በሚሉት ግራር አልብሶታል፣ ለከሰል። ቅርስ ጠልቶ ሳይሆን ከሰሉ ይሸጣል። ይህን ገበሬ «ለባህልህ ስትል ቀርከሃ ትከል» የሚለው ሰው የራሱን ደመወዝ ለባህሉ ሲል ስንት እንደቀነሰ በቅድሚያ ይንገረን።

እዚህ ላይ «እንግዲያማ ተዉት፣ ልጁ ነፃ ነው፣ የሚፈልገውን ይምረጥ» ማለት ቀላል ነው። እኔም ለተወሰነ ጊዜ እዚያ ተደብቄ ነበር። ግን ነፃነቱን ጠጋ ብዬ ሳየው ምርጫ አልመስልህ አለኝ። ቢላ በእጁ ይዞ የማያውቅ ልጅ ቀርከሃን ትቶ ኮምፒውተርን «መረጠ» አይባልም፤ አንዱን በር አባቱ ዘግቶበታል፣ እንደ አባቴ፣ በፍቅር። ችግሩ ሌላውም በር ያን ያህል አለመከፈቱ ነው። እኔ ዘንገና በነበርሁበት በዚያው ጥር የ12ኛ ክፍል ውጤት ወጥቶ ነበር። ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። «ደብተርህን ያዝ» ያለኝ አባቴ ያን ጊዜ ትክክል ሊሆን ይችላል። ዛሬ ለዚህ ልጅ ያንኑ መድገም ግን ጠባብ የሆነውን ዕድል እንደ እርግጠኛ ነገር መሸጥ ነው።

ሽማግሌውን ጠይቄያቸዋለሁ፣ ለምን እንደማያስተምሩት። «ከተማረ ይሄዳል፤ ከወደቀ ችግር ያስተምረዋል» አሉኝ። መራራ መልስ ነው፤ ብዙዎቻችን ስለ እጅ ሙያ የምናስበውን ግን ነው ሳይሸፍኑ የተናገሩት። ለወደቀ ልጅ የሚሆን ሥራ። የማልስማማው እዚህ ጋ ነው። ሙያውን ያጎሳቆለው አለመማሩ ብቻ አይደለም፣ እንደ ቅጣት መሰጠቱ ነው። ቢላውን መጀመሪያ የሚይዘው ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣው ልጅ ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ነገ ጥሎት እንደሚሄድ እያወቅን። ይሂድ! በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል የሙያና ቴክኒክ ትምህርት ገብቷል፤ እዚያ ክፍል ውስጥ እኚህ ሽማግሌ ገብተው ቢያስተምሩ፣ የመምህር ደመወዝ ቢከፈላቸው፣ ልጆቹም ከገበያ የተገዛ ቅርጫት ሳይሆን የተጣመመች የራሳቸውን ቢያመጡ፣ ያኔ ምርጫ የሚባል ነገር ይኖራል። ልጁ ሠርቶት፣ ጠልቶት ቢተወው የእሱ መብት ነው። ወስዶ ከብረት ጋር ቢያጋባው፣ ከፕላስቲክ ጋር ቢያጣምረው፣ አባቱ የማያውቁትን ቅርጽ ቢያወጣበትም መብቱ ነው፤ «ኦሪጅናሉን አበላሸህ» የምንል እኛ እኮ ወንበሩን ገዝተነው አናውቅም።

ይህ ሁሉ ግን እኔን ከጥያቄው አያወጣኝም። «አንተ ለምን አልተማርህም?» ለሚለው ሐቀኛው መልስ፣ ስላልተማርሁ ነው የዳንሁት፣ የሚል ነው። ይህን ለ15 ዓመት ልጅ ነግረህ መልሰህ «አንተ ግን ተማር» ማለት የምትችልበት አማርኛ አላገኘሁም። አዊኛም ያለው አይመስለኝም።

አፑ አልቆመም፣ ግን ተቀይሯል። 12ቱን ቪዲዮ ትተን ማን የት ምን እንደሚሠራ፣ በስንት እንደሚሸጥ፣ እንዴት ማዘዝ እንደሚቻል የሚያሳይ ዝርዝር አድርገነዋል። አሰልቺ ነገር ነው፣ ለሽልማት አይቀርብም። ጓደኞቼ አንዳንዴ «ቪዲዮዎቹ ያምሩ ነበር» ይላሉ። ያምሩ ነበር።

በመጨረሻው ቀን ከመሄዴ በፊት የሠሩትን ወንበር ልግዛ አልሁ። ሁለት ቀን የፈጀባቸው ነው፣ ሲሠሩት እየቀረጽሁ አብሬያቸው ነበርሁ።

«አያ፣ ስንት ልክፈል?»

«እንዳሻህ። የወንድሜ ልጅ አይደለህ?»

በገበያው ዋጋ ቢሆን ኖሮ ከፍዬ በሄድሁ። «እንዳሻህ» ሲሉኝ ዋጋውን እኔ ልተምነው ሆነ። ኪሴ ውስጥ እጄን ከትቼ ቆሜ ሒሳብ ሠራሁ፤ ሁለት ቀን፣ 30 ምናምን ዓመት ልምድ፣ ቀርከሃው፣ ሦስት ዓመት የጠበቁት። 1,000 ብር ሰጠኋቸው። ለመንገድ ዳር ወንበር ብዙ ነው፣ መረቁኝ፣ ቸር የሆንሁ መሰለኝ። የእኔ የግማሽ ቀን ደመወዝ እንደሆነ ያሰብሁት መኪናው ላይ ወንበሩን ሳስር ነው።

ልጁ ገመዱን በሌላ በኩል ይዞልኝ ነበር።

«ላፕቶፕህ ስንት ነው የተገዛው?» አለኝ።

«ስልሳ ሺህ ገደማ።»

ትንሽ ዝም አለ። ገመዱን ሳበና ቋጠሮውን አጠበቀ፣ በደንብ፣ እኔ ከምቋጥረው ይልቅ።

«ስልሳ ወንበር» አለ።